ቀይ አምፖል ለሕፃን እንቅልፍ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ጋሽ ወርቁ ጅማ ሂርማታ ገበያ ጀርባ ያለች አንዲት ሱቅ ውስጥ አቆሙኝና ከጣሪያው የተንጠለጠለ ሽቦ አሳዩኝ። «ይሄ ሞቷል፣ ኤሌክትሪክ የለውም። ያዘው» አሉኝ። እጄን ስዘረጋ በካቻቢቴው እጀታ አንጓዬን መቱኝ።

«የለውም ያለህ ማን ነው?»

«እርስዎ።»

«እኔ ቴስተር ነኝ?»

ከዚያ በኋላ ቴስተሩን ሰጡኝ። ሽቦውን ነካሁበት፣ ኤሌክትሪክ አለ ብሎ በራ። ሽቦው አልሞተም ነበር። ጋሽ ወርቁ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት እንደ ጸሎት የሚደግሙ ሰው ነበሩ፤ እኔም ከእሳቸው ከወረስኩት ዕቃ ሁሉ ሳያረጅ የቀረልኝ ጥርጣሬው ነው። ፒንሳው ዝጓል፣ መሰላሉ ተሰብሯል። ጥርጣሬዬ ግን እስከ ዛሬ እንዳዲስ ነው፣ ባለቤቴ አልማዝ ትመስክር።

ረዳት ሆኜ ሽቦ ስጎትት፣ ግድግዳ ስቦረቡርና መሰላል ስይዝ ቆየሁ። ቀጥሎ የአምፖል መያዣውን፣ ፖርታ ላምፓውን፣ መግጠም ተፈቀደልኝ። ቆጣሪ አጠገብ ለመድረስ ግን ጋሽ ወርቁ እስኪያምኑኝ መጠበቅ ነበረብኝ፣ እሳቸው ደግሞ ሰው ማመን አይሆንላቸውም።

በዚያን ጊዜ የመብራት ቀለም የሚባል ጥያቄ አልነበረም። ደንበኛው «አርባ ዋት ይሁን ስልሳ?» ብሎ ይጠይቃል፣ አምፖሉ ይገጠማል፣ ብርሃኑ ቢጫ ነው፣ አለቀ። ከዚያ ረጅሙ ነጭ ፍሎረሰንት መጣ። ቀጥሎ የተጠማዘዘው ቆጣቢ አምፖል፣ አሁን ደግሞ ኤልኢዲው። ጅማ ላይ ነጭ መብራት የሥልጣኔ ምልክት ሆነ። ሳሎኑ እንደ ክሊኒክ ካልነጣ የቤቱ ባለቤት የተታለለ ይመስለዋል።

በካርቶኑ ላይ «ዴይላይት» የሚል ጽሑፍ ነበረ። ባለሱቆቹ «የቀን ብርሃን ማለት ነው» እያሉ ይሸጡታል። አንድ ቀን ሰርቦ ላይ አንድ ቡና ገበሬ ከባለሱቁ ጋር ሲከራከር ደረስኩ። «የቀኑን አልፈልግም፣ ለቀን ፀሐይ አለኝ። ማሎ፣ እባክህ የማታውን ስጠኝ» ይላል። ባለሱቁና እኔ ስንስቅበት ዋልን። ሰውየው አምፖል ሳይገዛ፣ እንዳታለልነው አምኖ ወደ ቤቱ ሄደ። አሁን ሳስበው ሳቁ የእኛ፣ እውነቱ የእሱ ነበር።

አጋሮ ላይ አንድ ሆቴል የሚያሠራ ሰው ደግሞ የመኝታ ክፍሎቹን በሙሉ ሰማያዊ መብራት አስገጠመኝ። በስልኩ ላይ የሆነ አገር ሆቴል አይቶ ነው። አልጋ የያዙ እንግዶች ጠዋት ዓይናቸው ደም ለብሶ እየወጡ «ትኋን አለ» ይሉት ጀመር። ሰውየው መድኃኒት አስረጨ፣ ፍራሽ ለወጠ፣ አንሶላ አስቀቀለ። ትኋን ፈልጎ አጣ። በመጨረሻ እኔን ጠርቶ «አንተ ሽቦው ውስጥ የሚጮህ ነገር ትተሃል እንዴ?» አለኝ። ሽቦውን ፈተሽኩ፣ ጤነኛ ነው። «እስቲ አንዱን ክፍል ቢጫ እናድርገውና እንየው» አልኩት። በቢጫው ክፍል ያደረው እንግዳ ስለ ትኋን ምንም ሳይል ቁርሱን በልቶ ሄደ። ባለቤቱ ሁሉንም አስለወጠኝ፣ ግን ሁለቴ ለማሠራት የዶለትኩበት እየመሰለው ሰላምታዬን ሳይመልስ ቀረ። አልፈርድበትም፣ እኔም ብሆን እጠረጥር ነበር።

የቀለም ነገር በደንብ ያጋጠመኝ ግን ከጅማ ወደ ሰርቦ መውጫ ላይ ባለ የቡና መጋዘን ነው። ባለቤቱ ሀጂ ጀማል፣ ሴቶቹ ቡና የሚለቅሙበትን አዳራሽ በነጭ መብራት እንዳጥለቀልቀው አዘዙኝ።

«ካና ኢላሊ፣ ይሄን እይ» ብለው አንድ እፍኝ ቡና አሳዩኝ። «ጥቁሯ ፍሬ በቢጫ መብራት ትደበቃለች። ከነጩ ግን ወላሂ አታመልጥም።»

እውነታቸውን ነው። ነጩን ስናበራው ጥቁሯም የተነቀዘችውም ፍሬ ቁልጭ ብላ ታየች። ሀጂ ደስ አላቸው። ሴቶቹም ከመሸ በኋላ ሳይቀር ይለቅሙ ጀመር።

ብዙም ሳይቆይ ሀጂ አስጠሩኝ። ሴቶቹ ጠዋት ጠዋት እያንቀላፉ አስቸግረዋል። «ማታ ከዚህ ወጥተው ምን እንደሚሠሩ አላህ ይወቅ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ሴቶቹ ደግሞ በበኩላቸው እሳቸውንም እኔንም ጠርጥረዋል። አንዷ መብራቱ ውስጥ ካሜራ አለ ብላ አስወርታ ኖሯል። ሌላዋ «ሂሪባ ዸብኔ፣ እንቅልፍ አጣን እኮ» አለችኝ እኔ የሰረቅኳት ይመስል።

ከመካከላቸው ታደለች የምትባለው ሴት ረጋ ብላ አስረዳችኝ። ከከምባታ መጥታ ጅማ ያገባች፣ የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ዘማሪ፣ ጀርባዋ ላይ ወንድ ሕፃን ያዘለች ሴት ናት። «ጋሼ፣ ቤት ገብቼ ዓይኔን ስጨፍን ፍሬው ይታየኛል። ሰውነቴ ደክሟል፣ ዓይኔ ግን ገና ቀን ነው ይላል» አለችኝ።

ነገሩን ለሀጂ ነገርኳቸው። ተነጫነጩ፣ ግን ለቀማው ፀሐይ ሳትገባ እንዲያበቃ አደረጉ። ለሴቶቹ አዝነው ነው ብዬ አላምንም። እንቅልፍ ያጣች ለቃሚ ነጭ መብራት ሥር ተቀምጣም ጥቁሯን ፍሬ እንደምታሳልፍ ስለገባቸው ነው።

ከዚህ በኋላ ነው ታደለች መጋዘኑ በር ላይ ጠብቃ ያስቆመችኝ።

«ጋሼ፣ ቤቴ መጥተው ቀይ አምፖል ያስገቡልኛል?»

«ቀይ?»

«አዎ፣ ቀይ። ደብዘዝ ያለ።»

እዚህ ላይ ለእናንተ ለሙያ ልጆቼ አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። ቡና ሲደርስ አጋሮም ሆነ በዙሪያው ያሉት ከተሞች በሾፌርና በደላላ ይሞላሉ። በዚያ ወቅት መሸታ ቤቶች ቀይ አምፖል ያስገጥማሉ፤ እኔም ገጥሜያለሁ፣ ሥራ ነው። በሩ ላይ ቀይ ያበራ ቤት ሌላ ማስታወቂያ አያስፈልገውም። ምን እንደሚሸጥና ማን እንደሚያድርበት ሁሉም ያውቃል። የጨዋ ቤት ቀይ አምፖል አይሰቅልም።

ስለዚህ ጠየቅኳት። «ባልሽ ያውቃል?»

«ታምራት መንገድ ላይ ነው። አይሱዙ ነው የሚነዳው፣ ቡና ጭኖ አዲስ አበባ ሄዷል።»

«እና ባልሽ በሌለበት ቀይ አምፖል?»

ያኔ ገባት። ፊቷ ተለዋወጠ። «ጋሼ፣ ልጄ እንዲተኛ ነው» አለች። ሕፃኑ ሌሊት ለጡት ይነቃል። ነጩን መብራት ስታበራ ዓይኑን ያፈጣል፣ ይስቃል፣ መጫወት ያምረዋል። ከዚያ እሱም እሷም እስኪነጋ አይተኙም። ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ያለች ነርስ ናት የመከረቻት። ነጭ መብራት፣ በተለይ ሰማያዊ የሚቀላቀልበት፣ አእምሮን ነግቷል እያለ ያታልለዋል፤ ቀይና ደብዛዛው ግን ብዙም አይቀሰቅሰውም ብላታለች።

«አያለሁ» አልኳትና ሄድኩ። አላመንኳትም። ነርሷንም አላመንኳትም። እንቅልፍና የአምፖል ቀለም ምን አገናኛቸው?

ቢሆንም ነገሩ ከነከነኝ። የአጋሮው ሆቴል ትዝ አለኝ፣ የመጋዘኑ ሴቶች ትዝ አሉኝ። ቴስተር ሳይነካ «ሽቦው ሞቷል» የሚል ሰው እንዳልሆን ብዬ አንድ ቀይ አምፖል ገዛሁና የራሴ መኝታ ቤት ገጠምኩት። አልማዝ ገብታ ስታየው በሩ ላይ ቆመች። «ሽማግሌው፣ በስተርጅና ቤቴን ምን ልታደርገው ነው?» አለችኝ። ከዚያ ወፍራም ብርድ ልብስ አምጥታ መስኮቱን ከዳር እስከ ዳር ሸፈነችው። ጎረቤት የእሷን ስም ከማንሳቱ በፊት ታፍነን ብንሞት ትመርጣለች።

ደህና ተኛሁ። ሽማግሌ ነኝና ለሽንት እነሳለሁ፤ በነጩ ጊዜ ከተነሳሁ ተነሳሁ ነበር፣ ተመልሼ የምተኛው በመከራ ነው። በቀዩ ግን ተመልሼ እንደተኛሁም አላወቅኩም። ደክሞኝ ይሆናል ብዬ ጠረጠርኩ። ነጩን መልሼ ሞከርኩት፣ እንቅልፌ ጠፋ። ቀዩን መለስኩት፣ መጣ። ምናልባት እንዲመጣ ስለጠበቅኩት ይሆናል፤ እስከ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አላመንኩም። ግን አልማዝም ማንኮራፋቷን ቀጠለች፣ እሷ ደግሞ ከቀዩ ምንም ጥሩ ነገር አትጠብቅም ነበር።

ከእነዚያ ሌሊቶች በኋላ አወቱ መንደራ ሰፈር ታደለች ቤት ሄድኩ። እትዬ ዘነበች የሚባሉ የሸዋ ሴት ግቢ ውስጥ በመንገዱ በኩል ያለች አንድ ክፍል ተከራይታለች። ትንሿን ቀይ አምፖል ጣሪያው ላይ ሳይሆን ከአልጋው ጎን ዝቅ አድርጌ ገጠምኩ፣ ማብሪያውንም እጇ የሚደርስበት ቦታ አደረግኩላት። ስጨርስ መስኮቱን አየሁት።

«መጋረጃሽ ሳሳ ያለ ነው» አልኳት።

«ለታምራት ደውዬለታለሁ፣ ከአዲስ አበባ ወፍራም ያመጣልኛል» አለች።

«ለምን እንደሆነ ነግረሽዋል?»

«መጋረጃ ነው ያልኩት። በስልክ ምን ብዬ ላስረዳው?»

ሕፃኑ በዚያው ሰሞን መተኛት ጀመረ። ይነቃል፣ ይጠባል፣ በቀዩ ድንግዝግዝ ውስጥ የሚያጫውተው ስለሌለ ተመልሶ ይተኛል። ታደለች መጋዘን ውስጥ ስታየኝ ከሩቁ እጇን አንስታ ትመርቀኝ ነበር።

እትዬ ዘነበች ግን አልመረቁኝም። ገበያ ላይ አግኝተው ያዙኝ። ፀጉሬ ሸብቶ እያዩ ዛሬም «አንተ ልጅ» ነው የሚሉኝ።

«አንተ ልጅ፣ ግቢዬ ውስጥ ምን ተከልክ?»

«መብራት ነው፣ እትዬ።»

«መብራት መሆኑንማ አየሁ። የምን መብራት?»

አስረዳኋቸው። እስክጨርስ ሰሙኝና «ስንት ልጅ በኩራዝ አሳድጌያለሁ፣ ማንም እንቅልፍ አጥቶብኝ አያውቅም» አሉ። የኩራዝ ብርሃንም ቀይ ነው ብላቸው ጨዋታ ለማሳመር የማደርገው መሰላቸው። «ሲመሽ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ማን እንደሚገባ እጠብቃለሁ» አሉኝ።

«እና ማን መጣ?»

«ማንም አልመጣም። ይሄው ነው ያጠራጠረኝ።»

ታምራት የተመለሰው አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ነው። መኪናውን መንገዱ ዳር አቁሞ፣ መጋረጃውን በፌስታል ይዞ ወረደ። ቀና ሲል የራሱ መስኮት ቀይ ሆኖ አየ። ወደ ቤቱ አልገባም። እትዬ ዘነበች በረንዳቸው ላይ ስለነበሩ ወደ እሳቸው ሄዶ «እዚህ ቤት ማን ይገባል?» ብሎ ጠየቀ።

እሳቸው «እኔ አላየሁም» አሉት። ቃሉ እውነት ነው፣ ምንም አላዩም። ግን «እኔ አላየሁም» ማለት በአማርኛ ስንት ዓይነት አባባል እንዳለው እናውቃለን። እሳቸው ያሉት ባል ጠርጥሮ እንዲገባ የሚያደርገውን ዓይነት ነው።

ጠዋት ከግቢው ሰው ተላከብኝ። ስደርስ የታደለች ጓዝ በአንሶላ ተቋጥሮ በሩ ላይ ተቀምጧል። ባሏ ወደ ከምባታ፣ ወደ አባቷ ቤት ሂጂ ብሏታል። እንዲህ ተብላ የተመለሰች ሴት ቤተ ክርስቲያን መዘመሯም፣ አባቷ ቤት ቀና ብላ መብላቷም ያበቃል። ሕፃኑን አዝላ ቆማለች፣ አታለቅስም። እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው በረንዳቸው ላይ ናቸው። ታምራት አምፖሉን ነቅሎ በእጁ ይዞታል።

«ይሄን ያስገባኸው አንተ ነህ?» አለኝ። የአባቱ እኩያ ነኝ፣ «እርስዎ» ማለት ነበረበት።

«እኔ ነኝ። ልጅህ እንዲተኛ ነው።» ያየሁትን ሁሉ ነገርኩት፤ የነርሷን ምክር፣ የመጋዘኑን ነጭ መብራት፣ የራሴን መኝታ ቤት ሳይቀር። ሽማግሌ መሆኔ ባይረዳኝ ኖሮ የምጠረጠረው እኔው ነበርኩ፤ ዓይኑ እኔ ላይ ቆይቶ ሽበቴን አይቶ ተመለሰ።

ታምራት ሳቀ። «ለእንቅልፍ! እኔን ሕፃን አታድርገኝ። ይሄን ነገር አገር ዞሬ ነው የማውቀው። በር ላይ ከበራ ቤቱ ክፍት ነው፣ ግባ ማለት ነው። መስኮት ላይ ከሆነ ደግሞ ሴትየዋ ብቻዋን ናት ማለት ነው። እንዲህ ዝቅ ብሎ አልጋ ጎን የተሰቀለው ለሚያድር ሰው ነው። ላፍታ ለሚገባ እንዲህ አይሰቅሉም። ማንን ነው የምታታልሉት?»

እኔ ይሄን ሁሉ አላውቅም ነበር። የመሸታ ቤቶቹን አምፖል የገጠምኩት እኔ ነኝ፣ ግን በር ላይና መስኮት ላይ ልዩነት እንዳለው የነገረኝ የለም። መብራት የሚገጥም ሰው ከመሸ በኋላ ምን እንደሚሆን አያይም።

ታደለች ድምፅዋን ሳታነሳ ጠየቀችው።

«አንተን ማን አስተማረህ?»

እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን ከአፋቸው አወረዱ። ታምራት አምፖሉን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረው።

«ሾፌሮች ያወራሉ» አለ።

«ሾፌሮች» አለች ታደለች።

«አዎ፣ መንገድ ላይ… ጨዋታ ነው።»

«አልጋ ጎን ያለውንም አወሩልህ?»

እትዬ ዘነበች «እሱስ ጥያቄ ነው» አሉ ለራሳቸው፣ ግን ሁላችንም ሰማናቸው። ታደለች ቀርባ አምፖሉን ከእጁ ወሰደችና ለእኔ ሰጠችኝ። «ጋሼ፣ ይመልሱልኝ» አለች። ገብቼ መለስኩላት። ስወጣ ታምራት ጓዙን ራሱ ተሸክሞ ወደ ውስጥ ሲያስገባ አገኘሁት፤ መጋረጃውንም የዚያን ዕለት ሰቀለው። ወፍራም ቡናማ ጨርቅ ነው፣ ከመንገድ ላይ ምንም አይታይም። እትዬ ዘነበችም ከዚያ በኋላ በረንዳ ላይ መጠበቁን ተዉት፤ ወይም እኔ አላየሁም።

ከወራት በኋላ ለእትዬ ዘነበች ብሬከር ልቀይር ሄጄ ታደለች ቤት ጎራ አልኩ። ሕፃኑ መጋረጃው በተዘጋው ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ወስዶታል። ታምራት ቡና ጭኖ ወጥቷል። ዓይኗ ሥር ጠቁሮ ሳይ አምፖሉ የተበላሸ መሰለኝና ላየው እጄን ዘረጋሁ።

«አምፖሉ ደህና ነው ጋሼ» አለችኝ። «ልጁ ይተኛል። ታምራት እዚህ ሲያድር እኔም እተኛለሁ። እሱ ሲወጣ ነው የማልተኛው። ዛሬ ያደረበት ቤት መብራቱ ምን ዓይነት ይሆን እያልኩ ይነጋል።»

የዘረጋሁትን እጅ መለስኩ፣ ቡናማውን መጋረጃ አየሁት።

ለሙያ ልጆቼ የምነግራችሁ ይሄን ነው። ነጭ መብራት ለሥራና ለለቀማ ይሁን፤ መኝታ ቤት ግን ቢጫ ወይም ቀይ፣ ዝቅ ያለና ደብዛዛ ግጠሙ። ቀይ ከሆነ ደግሞ መጋረጃው ይቅደም፣ ስትጨርሱም ወጥታችሁ ከመንገድ ላይ እዩት። በዚህ ዘዴ ብዙ ሰው አስተኝቻለሁ። ታደለችን የሚያስተኛ አምፖል ግን አላውቅም።